ርስት ያልሆነ ፈቃድ፦ የማኅበራዊ ሚዲያ መግቢያ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረበት ታሪክ

ጃንዋሪ 12 ቀን 2023 ምሽት፣ ትዊተርን በኩባንያው መተግበሪያ ሳይሆን የውጭ አልሚዎች በሠሯቸው መተግበሪያዎች ሲጠቀሙ የኖሩ ሰዎች ስልካቸውን ሲከፍቱ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ትዊትቦትም ሆነ ትዊተሪፊክ ሊያስገባቸው አልቻለም። የይለፍ ቃላቸውን አልረሱም፤ አካውንታቸውም አልታገደም። በኩባንያው መተግበሪያ ሲሞክሩት ያለ አንዳች ችግር ይገቡ ነበር። አልሚዎቹ ምክንያቱን ቢጠይቁም መልስ አላገኙም። ከአምስት ቀን በኋላ ኩባንያው ለረጅም ጊዜ የቆዩ ደንቦቹን እያስከበረ መሆኑን በአንዲት አጭር መልእክት አስታወቀ፤ የትኛው ደንብ እንደተጣሰ ግን አልገለጸም። ጃንዋሪ 19 ቀን የአልሚዎችን ውል አሻሽሎ፣ የትዊተርን መተግበሪያ የሚተካ ወይም የሚመስል አገልግሎት መሥራትን ከለከለ። ክልከላው የተጻፈው በሩ ከተዘጋ ከሰባት ቀን በኋላ መሆኑ ነው።

ጉዳዩን ያኔ ብዙዎች የአዲሱ ባለቤት የኢሎን መስክ ጠባይ አድርገው ተረዱት። ትርጓሜው ከፊል እውነት ቢኖረውም ዋናውን ነገር ያስታል። በአንድ ምሽት ሁሉንም ለመዝጋት ያስቻለው ሥርዓት የተዘረጋው ከ12 ዓመት በፊት ነበር፤ የተዘረጋውም ተጠቃሚውን ከጉዳት ለመጠበቅ በሚል በጎ ዓላማ ነው። በሦስተኛ ወገን መተግበሪያዎች የመግቢያና የፈቃድ ታሪክ ውስጥ ጥበቃና ሥልጣን በአንድ በር ገብተዋል። ጥበቃው በየጊዜው ተመርምሮ ተሻሻለ። ሥልጣኑን ግን ማን፣ በምን ምክንያት፣ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊጠቀምበት እንደሚችል የሚወስን ደንብ ሳይበጅለት ቀረ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ በስተመጨረሻ ከሚነሱት የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ ሁሉም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የይለፍ ቃል በአደራ

ትዊተር በ2006 ሥራ ሲጀምር በዚያው ዓመት ኤፒአይ የሚባለውን፣ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን በር፣ ለውጭ አልሚዎች ከፈተ። ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የራሱ የስልክ መተግበሪያ አልነበረውም። ክፍተቱን የሞሉት ሌሎች ናቸው። በ2007 መጀመሪያ የወጣው ትዊተሪፊክ፣ በኋላ ኩባንያው የታወቀበትን የወፍ ምልክት ቀድሞ የተጠቀመ መተግበሪያ ነበር። ዛሬ በየስልኩ የተለመደው፣ ገጹን በጣት ወደ ታች ጎትቶ አዲስ መልእክት የመጥራት ዘዴ የተፈለሰፈው ትዊቲ በተባለ የሦስተኛ ወገን መተግበሪያ ውስጥ ነው። ትዊተር ትዊቲን በ2010 ገዝቶ ይፋዊ መተግበሪያው አደረገው።

በዚያ ዘመን የመግቢያው ሥርዓት እጅግ ቀላል ነበር። ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ለመተግበሪያው ይሰጣል፤ መተግበሪያውም እርሱን መስሎ ወደ ትዊተር ይገባል። ችግሩ ሦስት ፈርጅ ነበረው። አንደኛ፣ የይለፍ ቃሉ በማያውቁት አልሚ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ አልሚው ታማኝ ቢሆን እንኳ ጥንቃቄው ሊጎድል ይችላል። ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃል የያዘ ሁሉን ይይዛል፤ መልእክት እንዲያነብ ብቻ የተፈለገ መተግበሪያ መጻፍም፣ መሰረዝም፣ የግል ደብዳቤ ማየትም ይችላል። ሦስተኛ፣ አንዱን መተግበሪያ ማሰናበት የፈለገ ሰው የይለፍ ቃሉን ከመለወጥ ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ሲለውጠው ደግሞ የሚወዳቸውም መተግበሪያዎች አብረው ይዘጋሉ።

ይህን ችግር ለመፍታት ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ የትዊተሩ ብሌን ኩክና ሌሎች መሐንዲሶች በጋራ የሠሩት ስምምነት ኦአውዝ ተባለ፤ የመጀመሪያው ቅጂም በ2007 መጨረሻ ወጣ። አሠራሩን በቤት ቁልፍ መመሰል ይቻላል። ቀድሞ እንግዳ የመጣ እንደሆነ የቤቱ ሁሉ ቁልፍ ይሰጠው ነበር። በኦአውዝ ግን ባለቤቱ ወደ በር ጠባቂው ሄዶ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ጠባቂውም ለእንግዳው ሳሎኑን ብቻ የሚከፍት፣ ጓዳውን የማይከፍት፣ በፈለጉ ጊዜ የሚሻር ልዩ ቁልፍ ይሰጠዋል። ይህ ልዩ ቁልፍ ቶከን ይባላል። መተግበሪያው የይለፍ ቃሉን አያይም፤ ተጠቃሚውም የሌሎቹን ሳይነካ የአንዱን ቶከን መሰረዝ ይችላል። አዲሱ ሥርዓትም እንከን አላጣውም። በኤፕሪል 2009 አጥቂ ሌላውን ሰው አታሎ ፈቃድ ሊያሰጥ የሚችልበት ቀዳዳ ተገኝቶበት በጁን የተሻሻለ ቅጂ ወጣ።

ከምሳሌው ውስጥ አንድ ሰው በቅጡ ሳይታይ አለፈ። እርሱም በር ጠባቂው ነው። ቀድሞ ቁልፉ ከባለቤቱ በቀጥታ ወደ እንግዳው ይሄድ ስለነበር ጠባቂው በመካከል አልነበረም። አሁን ግን እያንዳንዱን ቁልፍ የሚቀርጸው፣ የሚመዘግበውና የሚሽረው እርሱ ሆነ። ባለቤቱ መሻር እንደቻለ ሁሉ ጠባቂውም ቻለ፤ ባለቤቱንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም።

ከ2010 እስከ 2013፦ ጠባቂው ደንብ ማውጣት ሲጀምር

ትዊተር የቀድሞውን የይለፍ ቃል አሠራር ኦገስት 31 ቀን 2010 ሙሉ በሙሉ አቆመ። ቀነ ገደቡ አስቀድሞ ለጁን 30 ተቀጥሮ የነበረ ቢሆንም፣ የዓለም ዋንጫው በሚያስከትለው የአገልግሎት ጫና ምክንያት ተራዝሟል። አልሚዎች ለወራት ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል፤ ያልተሻሻሉ መተግበሪያዎች ግን በዕለቱ መሥራት አቆሙ። በጸጥታ ረገድ ውሳኔው ትክክል ነበር። ዛሬም ወደዚያ አሠራር መመለስ አለበት የሚል ብርቱ ሙግት አይሰማም።

ቀጣዩ ለውጥ በሜይ 2011 መጣ። ትዊተር የግል መልእክት ማንበብ ለሚፈልጉ መተግበሪያዎች ራሱን የቻለ ሦስተኛ የፈቃድ ደረጃ አወጣ። ማንበብና መጻፍ የተፈቀደለት መተግበሪያ ሁሉ የግል መልእክትንም ያይ የነበረበት ልማድ ቀረ፤ ፈቃዱን የሚሹ ሁሉ ተጠቃሚዎቻቸውን እንደገና በትዊተር ድረ ገጽ በኩል ማስገባት ግድ ሆነባቸው። ተጠቃሚው ምን እንደፈቀደ በግልጽ እንዲያውቅ ያደረገ መልካም እርምጃ ነበር። የኩባንያው መተግበሪያ ግን ተጠቃሚዎቹን እንደገና ማስፈቀድ አላስፈለገውም። ስለዚህ የጸጥታው ወጪ የወደቀው በተወዳዳሪዎቹ ላይ ብቻ ሆነ። ከሁለት ወር አስቀድሞ፣ በማርች 2011፣ ኩባንያው የትዊተርን ዋና አገልግሎት የሚመስሉ መተግበሪያዎች እንዳይሠሩ ለአልሚዎች ነግሯቸው ስለነበር ሁለቱ እርምጃዎች ተያይዘው መታየታቸው አይገርምም።

በኦገስት 2012 የጸጥታው ቋንቋና የንግዱ ቋንቋ በአንድ ሰነድ ላይ ተገናኙ። አዲሱ የኤፒአይ ቅጂ እያንዳንዱ ጥያቄ በኦአውዝ እንዲረጋገጥ አስገደደ፤ በዚያው ላይ ትዊተርን የሚተኩ መተግበሪያዎች ከ100,000 በላይ ተጠቃሚ እንዳይኖራቸው ጣሪያ ጣለ። ከዚያ ቁጥር አልፈው የተገኙት እስከ እጥፋቸው ብቻ እንዲያድጉ ተፈቀደላቸው። የቀድሞው ቅጂ በጁን 2013 ተዘጋ።

ይህ ጣሪያ በይለፍ ቃል ዘመን ቢታወጅ ማስከበሩ እጅግ አዳጋች በሆነ ነበር። መተግበሪያው ከተጠቃሚው የማይለይ ስለነበር የማንን ደንበኛ መቁጠር እንደሚገባ አይታወቅም። ኦአውዝ ግን እያንዳንዱን ቶከን ለአንድ ሰውና ለአንድ መተግበሪያ ስሙን ጠርቶ ስለሚሰጥ ቆጠራው ያለ ድካም ተገኘ። ለጥበቃ የተበጀው መዝገብ የገበያ ድርሻ መለኪያና መገደቢያ ሆነ።

የፌስቡክ ሰፊ በር

ትዊተር በሩን እያጠበበ ሳለ ፌስቡክ በተቃራኒው በሰፊው ከፍቶ ነበር። በሜይ 2007 መድረኩን ለውጭ አልሚዎች ከፈተ፤ በዲሴምበር 2008 ደግሞ በፌስቡክ ማንነት ወደ ሌሎች ድረ ገጾች መግባት የሚያስችለውን አገልግሎት ለሁሉም አዳረሰ። በየድረ ገጹ አዲስ የይለፍ ቃል መፍጠር የሰለቸው ሰው በአንድ ጠቅታ መግባቱን ወደደው፤ ድረ ገጾቹም ደንበኛ ሳይሸሽ የሚመዘገብበት መንገድ አገኙ።

የፌስቡክ ፈቃድ ግን መሠረታዊ ጉድለት ነበረበት። አንድ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም መረጃ ለመተግበሪያ መፍቀድ ይችል ነበር። ጓደኞቹ አልተጠየቁም፤ አላወቁም። አሌክሳንደር ኮጋን የተባለ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2013 ያቀረበውን የስብዕና መጠይቅ መተግበሪያ የተጠቀሙት ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። ፌስቡክ በኋላ ባመነው መሠረት ግን መረጃቸው ያለ አግባብ ተላልፎ ሊሆን የሚችለው ሰዎች እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳሉ። መረጃው የተላለፈው ለፖለቲካ አማካሪው ድርጅት ለካምብሪጅ አናሊቲካ ነው። ይህ የሆነው የይለፍ ቃል ተሰብሮ አልነበረም፤ ሥርዓቱ እንደታቀደው እየሠራ ነው።

ፌስቡክ ይህን በር መዝጋቱን ያስታወቀው ኤፕሪል 30 ቀን 2014 ነበር። ነባር መተግበሪያዎች እንዲላመዱ የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጠ፤ የጓደኞችን መረጃ መጠየቅ ቀረ፤ ከመሠረታዊው ያለፈ ፈቃድ የሚሹ መተግበሪያዎች በኩባንያው እንዲገመገሙ ተደረገ፤ ተጠቃሚውም የሚጠየቀውን እያንዳንዱን ፈቃድ ለይቶ መከልከል ቻለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ለውጦች ይህ በማስጠንቀቂያው ርዝመትና በይዘቱ ከተሻሉት አንዱ ነው።

የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ በዲሴምበር 2018 ይፋ ያደረጋቸው የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ግን ሌላ ገጽ አሳዩ። እንደ ኮሚቴው ማጠቃለያ፣ ከለውጡ በኋላም የተመረጡ ኩባንያዎች የጓደኞችን መረጃ የማግኘት ልዩ ፈቃድ ቆይቶላቸዋል። ትዊተር በጃንዋሪ 2013 ቫይን የተባለውን የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያ ባወጣበት ዕለት፣ ፌስቡክ የቫይን ተጠቃሚዎች ጓደኞቻቸውን የሚያገኙበትን ፈቃድ የነጠቀው በዋና ሥራ አስፈጻሚው በማርክ ዙከርበርግ ይሁንታ መሆኑንም ሰነዶቹ አሳይተዋል። ፌስቡክ ሰነዶቹ ከዐውዳቸው ተነጥለው የቀረቡና የታሪኩን አንድ ወገን ብቻ የሚያሳዩ ናቸው ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ሰነዶቹ ፈቃድ በመድረኩ ሚዛን ላይ የሚሸጥና የሚለወጥ ሀብት ሆኖ ይታሰብ እንደነበር ያሳያሉ።

2018፦ የድንጋጤ ዓመት

የካምብሪጅ አናሊቲካ ዜና በማርች 2018 በኒው ዮርክ ታይምስና በኦብዘርቨር ጋዜጦች ሲወጣ፣ በ2014 የታየው ትዕግሥት ጠፋ። ኤፕሪል 4 ቀን ፌስቡክ በርካታ ኤፒአዮቹን ባንድ ጊዜ አጠበበ። በዚያው ዕለት የመጠናኛ መተግበሪያው የቲንደር ተጠቃሚዎች መግባት አቃታቸው፤ ፈቃድ ስጡ የሚለው መልእክት ፈቃዱን ሰጥተውም ደጋግሞ ይመጣ ነበር። መግቢያቸውን ከሌላ ድርጅት ቤት የተከራዩ አገልግሎቶች የቤቱ ባለቤት በር ሲለውጥ ምን እንደሚገጥማቸው የብዙ ሰው ዓይን ያየው ያን ቀን ነው። የቀድሞው የኢንስታግራም ኤፒአይ በሁለት ዓመት ውስጥ በደረጃ እንደሚዘጋ በጃንዋሪ ተነግሮ ነበር፤ ብዙ ክፍሉ ግን በዚያው ኤፕሪል 4 በድንገት ተዘጋ። በመተግበሪያ በኩል በግል የፌስቡክ ገጽ ላይ የመለጠፍ ፈቃድም ኦገስት 1 ቀን አበቃ።

የዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ደግሞ ጠባቂው ቁልፍ የመሻር ሥልጣን የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ አሳየ። አጥቂዎች በፌስቡክ ውስጥ በነበረ ስሕተት ገብተው ቶከኖችን መስረቃቸው ታወቀ። በመጀመሪያ 50 ሚሊዮን የተባለው ቁጥር በምርመራ ወደ 30 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ኩባንያው ለጥንቃቄ የ90 ሚሊዮን ሰዎችን ቶከን በአንድ ጊዜ ሽሮ እንደገና እንዲገቡ አደረገ። ቶከኖቹን አንድ በአንድ ተጠቃሚው እስኪሽራቸው መጠበቅ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ጠባቂው ምንም ዓይነት የመሻር ሥልጣን አይኑረው ማለት አያዋጣም። የ2018 ሁለት ገጠመኞች አንድ ላይ ሲታዩ ጥያቄው ይጠራል፤ ቶከን በተሰረቀ ሌሊት ያለ ማስጠንቀቂያ መሻር ተገቢ ነው፤ ማንም ባልሰረቀበት ቀን ያው ሥልጣን በምን ይገደባል?

በጁላይ 2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በግላዊነት ጥሰት ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣ፤ ኩባንያው የሦስተኛ ወገን መተግበሪያዎችን አጥብቆ እንዲቆጣጠርም ግዴታ ጣለበት። ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2020 ደግሞ ያንኑ ኩባንያ ኤፒአዩን ተወዳዳሪዎችን ለማዳከም ተጠቅሞበታል ብሎ በፀረ ሞኖፖል ሕግ ከሰሰው። አንድ የመንግሥት ተቋም በአሥራ ሰባት ወር ውስጥ አንዱን ኩባንያ በሩን ባለማጥበቁ ቀጣው፤ በማጥበቁም ከሰሰው። ሁለቱ ክሶች በየራሳቸው ምክንያት የቆሙ ቢሆኑም፣ ለትክክለኛ መዝጋትና ለበደል መዝጋት መለያ የሚሆን ደንብ አለመኖሩን አጋለጡ። በጁን 2021 ዳኛው ክሱን በመጀመሪያ ቅርጹ ውድቅ ሲያደርጉ፣ ለተወዳዳሪ ኤፒአይ አለመፍቀድ በራሱ ሕገ ወጥ እንዳልሆነ፣ እንደ ቫይን ያሉት ነጠቃዎችም ጊዜ ያለፈባቸው መሆናቸውን ጠቅሰዋል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ፈቃዱን የተነጠቀ አልሚ የሚጮኽበት አደባባይ እጅግ ጠባብ መሆኑ ታወቀ።

ዋጋ እንደ መዝጊያ

በ2023 አዲስ መሣሪያ ተጨመረ። ትዊተር ነጻ ኤፒአዩን እንደሚያቆም በፌብሩዋሪ 2 አስታውቆ የሰጠው ጊዜ አንድ ሳምንት ነበር፤ በኋላ ተራዘመ። ጉዳቱ በአልሚዎች ብቻ አልቆመም። የኒው ዮርክ የሕዝብ ማመላለሻ ባለሥልጣን የባቡርና የአውቶቡስ መዘግየትን የሚያሳውቅበት ፈቃድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተቋረጠበት በኋላ፣ በኤፕሪል መጨረሻ የአገልግሎት መረጃ በትዊተር መለጠፍ አቆመ። ኩባንያው ለመንግሥት ተቋማት ፈቃዱን በነጻ ሲመልስ በሜይ መጀመሪያ ተመለሰ። የሚሊዮን ተሳፋሪዎች ማስታወቂያ በአንድ የግል ድርጅት የዋጋ ሰሌዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ጊዜ ሬዲት ለ1,000 ጥያቄ 0.24 ዶላር የሚያስከፍል ተመን አወጣ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በወር ወደ 7 ቢሊዮን ጥያቄ ለሚያቀርበው አፖሎ ለተባለው መተግበሪያ ግን በወር ወደ 1.7 ሚሊዮን፣ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ተመኑ የተነገረው በሜይ መጨረሻ፣ ተፈጻሚ የሚሆነው በጁላይ 1 ነበር። የዓመት ክፍያ አስቀድመው ለተቀበሉ አልሚዎች አንድ ወር ዋጋቸውን ለማስተካከል አይበቃም። ጁን 12 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ የሬዲት መድረኮች በተቃውሞ ተዘጉ፤ አፖሎ ግን ጁን 30 ቀን ሥራውን አቆመ። በተቃውሞው ወቅት ድምፃቸው ጎልቶ ከተሰማው መካከል በኩባንያው መተግበሪያ በአግባቡ መጠቀም የማይችሉ ማየት የተሳናቸው ተጠቃሚዎች ነበሩ፤ ሬዲትም ለተደራሽነት የተሠሩ ንግድ ነክ ያልሆኑ መተግበሪያዎችን ከክፍያው ነጻ አድርጓል።

ኩባንያዎቹ ክርክር የላቸውም ማለት አይደለም። ሰርቨር ገንዘብ ይፈጃል፤ የሦስተኛ ወገን መተግበሪያ የመድረኩን ማስታወቂያ ላያሳይ ይችላል፤ ይዘቱን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅቶች በነጻ ሲያግዙት ማየትም ለሬዲት አልተዋጠለትም። ዋጋ መጠየቅ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል። የሚያጠያይቀው ሌሎች በቦታው ላይ ቤት ከሠሩ በኋላ በወር ጊዜ ውስጥ የሚጣል ዋጋ ነው።

ማደሪያና ርስት

ኢኮኖሚስቶች ለዚህ ዓይነቱ ችግር ስም አላቸው። አንዱ ወገን ከሌላው ጋር ላለው ግንኙነት ብቻ የሚጠቅም መዋዕለ ንዋይ ካፈሰሰ በኋላ፣ ሌላው ወገን ውሉን በመለወጥ የልፋቱን ፍሬ ሊወስድበት ይችላል። በ2009 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ኦሊቨር ዊሊያምሰን የሕይወት ዘመን ሥራው ያተኮረው በዚህ ላይ ነበር። በ2016 የተሸለመው ኦሊቨር ሃርት ደግሞ ውል ሁሉ ጎዶሎ መሆኑን መነሻ አደረገ፤ ማንም ወደፊት የሚሆነውን ሁሉ ጽፎ ሊጨርስ ስለማይችል፣ ወሳኙ ጥያቄ ውሉ ዝም ባለበት ቦታ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ይህ የተረፈ ሥልጣን ቶከን በሚቀርጸው እጅ ነው።

የኢትዮጵያ የመሬት ታሪክ ለዚህ ልዩነት የራሱ ቃላት አሉት። ርስት በዘር የሚወረስ፣ ገዢው እንደልቡ የማይነቅለው መብት ነበር። ማደሪያ ግን ለአገልግሎት የሚሰጥ፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ ወይም የሰጪው ፊት ሲዞር የሚመለስ መሬት ነው። ማደሪያ የያዘ ሰው ጎተራውን ሊሞላ ይችላል፤ የሃያ ዓመት ዛፍ ለመትከል ግን እጁ ያመነታል። የሦስተኛ ወገን አልሚዎችም የሠሩት በማደሪያ ላይ ነበር። እየሠሩ ያሉት ርስት የመሰላቸው፣ መድረኮቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው ለመሳብ በሩን ወለል አድርገው ስለከፈቱ ነው። ከዚህ የሚከተለው ኪሳራ የተዘጉትን መተግበሪያዎች ብቻ የሚመለከት አይደለም። ነገ ሊነቀል የሚችል ሁሉ ዛሬ በጥቂቱ ይሠራል፤ ያልተሠሩት መተግበሪያዎች ግን በየትኛውም መዝገብ አይቆጠሩም።

ተጠቃሚውም ከዚህ አያመልጥም። በኦገስት 2020 አፕል ከኤፒክ ጌምስ ጋር ሲጣላ፣ በአፕል ማንነት ወደ ኤፒክ ጨዋታዎች የሚገቡ ሰዎች ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ መግባት እንደማይችሉ ኤፒክ አስታውቆ ነበር። ተጠቃሚዎች ኢሜይላቸውንና የይለፍ ቃላቸውን በአስቸኳይ እንዲያስተካክሉ ተመከሩ፤ አገልግሎቱ እንዲቀጥል የተደረገው በዋዜማው ነው። ሁለት ኩባንያዎች ስለ ክፍያ ሲከራከሩ ለጥቂት ቀናት የመያዣ ዕቃ የሆነው የሰዎች የመግቢያ ቁልፍ ነበር።

ባንኮች የመለሱት ጥያቄ

ይህ ሁሉ የማይቀር ዕጣ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምስክር ከሌላ ዘርፍ ይገኛል። በአውሮፓ የሦስተኛ ወገን የፋይናንስ መተግበሪያዎች እንደ ጥንቱ ትዊተር የደንበኛውን የባንክ የይለፍ ቃል ተቀብለው በስሙ ይገቡ ነበር። ባንኮች አደገኛ ነው አሉ፤ ልክ ነበሩ። መተግበሪያዎቹ ባንኮች ተወዳዳሪን ለማጥፋት ሰበብ እየፈለጉ ነው አሉ፤ እነርሱም ከእውነት የራቁ አልነበሩም።

ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው ሁለተኛው የአውሮፓ የክፍያ አገልግሎቶች መመሪያ ሁለቱንም ሰማ። መግቢያው በጠንካራ ማረጋገጫ እንዲታጠር አዘዘ፤ መተግበሪያዎቹም ፈቃድ አውጥተው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲሠሩ አደረገ። በአንጻሩ ደንበኛው ከፈቀደ ባንኩ ከመተግበሪያው ጋር ውል የለኝም ብሎ መከልከል እንዳይችል ደነገገ። ባንኩ ሊዘጋ የሚችለው ካልተፈቀደ ወይም ከማጭበርበር መግባት ጋር በተያያዘ፣ በማስረጃ በተደገፈ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሲዘጋም ድርጊቱን ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። በእነዚህ አንቀጾች የጠባቂው ሥልጣን አልተወሰደበትም። ምክንያት መስጠትና ለሌላ ወገን መልስ መስጠት ግን ግዴታው ሆነ።

በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል አውሮፓ ወደዚያው አቅጣጫ ግማሽ መንገድ ሄዳለች። ከማርች 2024 ጀምሮ በትልልቅ መድረኮች ላይ ተፈጻሚ የሆነው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ፣ ተጠቃሚው ወይም እርሱ የወከለው ሦስተኛ ወገን መረጃውን ያለ ክፍያና ሳይቋረጥ ማግኘት እንዲችል ያዛል። ፈቃዱ የመድረኩ ስጦታ ከመሆን ወደ ተጠቃሚው መብትነት የመሻገሩ ጅማሬ ነው። ወሰን ግን አለው። ሕጉ የሚያስገድደው የበር ጠባቂነት ስያሜ የተሰጣቸውን ኩባንያዎች ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ኮሚሽን በኦክቶበር 2024 የቀድሞው ትዊተር፣ የዛሬው ኤክስ፣ ስያሜው እንደማይገባው ወስኗል። ጃንዋሪ 12 ቀን 2023 የሆነው ነገር ዛሬ ቢደገም ሕጉ አይደርስበትም። ከዚህም ሌላ መረጃን የማግኘት መብት የመጻፍን፣ የመለጠፍንና ሙሉ ምትክ መተግበሪያ የመሥራትን ፈቃድ አያጠቃልልም።

ለሚቀጥለው በር

የኢትዮጵያ ተቋማት ለዚህ ታሪክ ሩቅ ተመልካች አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ፣ ሞሲፕ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ የተገነባ የማንነት ማረጋገጫ ነው። ባንኮችና ሌሎች አገልግሎት ሰጪዎች ደንበኛ መሆን የሚሻውን ሰው ማንነት በእርሱ ያረጋግጣሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲዘረጋ የመጀመሪያው ትኩረት ጸጥታ መሆኑ የሚጠበቅና ተገቢም ነው። ትዊተርም በ2010፣ ፌስቡክም በ2014 የጀመሩት ከዚያ ነው።

የሁለቱ ኩባንያዎች ታሪክ ለአርቃቂዎች የሚተወው ትምህርት የተወሰነ ነው። አንድ አገልግሎት ሰጪ ከማረጋገጫው ሥርዓት ሲገለል ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የአደጋ ጊዜ መዝጋትና የደንብ ለውጥ ተለይተው፣ ለሁለተኛው በወራት የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ ይቀመጥ፤ ውሳኔውን ከመዝጊያው ባለቤት ውጭ የሆነ አካል ይመርምረው፤ ዜጋውም በአንዱ በር ሲከለከል የሚገባበት ሁለተኛ መንገድ ይኑረው። እነዚህ ለመጻፍ የሚቀሉት ሰው ሁሉ በበሩ መግባት ሳይጀምር ነው። ትዊትቦትና ትዊተሪፊክ ከተዘጉ በኋላ አልሚዎቻቸው የመጨረሻ እትም አውጥተው፣ የቀረውን የደንበኝነት ገንዘባቸውን ለመተው የሚፈቅዱ ደንበኞች አንዲት ቁልፍ እንዲጫኑ ጠየቁ። በዚያች ቁልፍ ላይ የተጻፈው ተመላሽ ገንዘብ አያስፈልገኝም የሚል ነበር። ለተነቀለው ማደሪያ ካሳ ሊከፍል የቻለው፣ ፈቃዱ ከፈቀደ፣ ተጠቃሚው ብቻ ሆነ።